ለብቻው የሚታጠብ መጥበሻ

ባለፈው ክፍል ረህማን በር ላይ ነበር የተውናት፤ ከቡታጅራ ይዛው የመጣችውን ሻንጣ እግሯ ስር አድርጋ ዲላ ያለውን የአባቷን ቤት ስታንኳኳ። በሩ ተከፍቶላታል። ተስማለች፣ ታቅፋለች፣ «ምነው ከሳሽ?» ተብላለች። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ወጥ ቤት ቆማ ከአንድ ድስት ወተት ጋር ተፋጣለች።

ወተቱ እምቢ ብሏታል። አፈላችው፣ ሎሚ ጨመቀችበት፣ ቀስ ብላ አማሰለችው። እንደ ቀጭን አጥሚት ሆኖ ቀረ እንጂ አልረጋም አለ።

«የፓኬት ወተት ነዋ!» አለች ታናሽ እህቷ ሒባ የበሩን መቃን ተደግፋ። «በዚህ ነው አይብ የምትሠሪው? ሙድ እየያዝሽ ነው?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ዳቦውን ውቀጪ።»

ሒባ የደረቀውን ዳቦ ሙቀጫ ውስጥ እየወቀጠች ሳቀች። እህቷ ከመጣች ጀምሮ እንደ እንግዳ የሶፋ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ እያየች ሲጨንቃት ነው የሰነበተው፤ ዛሬ ቢያንስ እጇ ሥራ ይዟል። ደግሞም የረህማ ጥብስ አይብ ናፍቋታል። በጣት ልክ የተቆረጠ አይብ ዱቄት ተነስንሶበት፣ እንቁላል ውስጥ ተነክሮ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ከላይ ኩርሽም፣ ከውስጥ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ቤቱን የሚያውደው ያ ሽታ ከረህማ ጋር አብሮ ነበር ከዚህ ቤት የወጣው።

ለአዲስ አንባቢዎቼ ነገሩን ላሳጥረው። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ሐጂ ነዚፍ የሚባሉ ዘመድ ሽማግሌ የረህማን መልስ ሊቀበሉ ይመጣሉ። ጠያቂው የወንድማቸው ልጅ ዘከርያ ነው፤ ሀዋሳ የሚኖር፣ የአባቷን ሱቅ ዕቃ የሚያመላልሱ አይሱዙ መኪኖች ያሉት፣ ሲያወራ ድምፁን የማያነሳ፣ ክፉ የማይወጣው ሰው። ረህማ አትጠላውም። መልሱን አቆይታ አቆይታ «ዲላ መጥቼ ለአባቴ ራሴ እነግረዋለሁ» ብላ ነው የመጣችው። እሺ ካለች ከረመዳን በፊት ኒካ ይታሰራል። እሺ የማትልበት ምክንያት ደግሞ አሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራ ኃይለኢየሱስ የሚባል የጌዴኦ ልጅ ነው። ክርስቲያን ነው፤ የእነሱ ቤት ደግሞ ሙስሊም። ይህ አልበቃ ብሎ አራት ዓመት ሙሉ አላናገረችውም።

አባቷ አቶ አብዱልከሪም ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ገቡ። ገበያው አጠገብ ያለውን የቤት ዕቃ ሱቃቸውን ዛሬ ለሠራተኛ ትተው ቤት ውለዋል። ድስቱን ጎንበስ ብለው አዩና ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«አይብ ሊሆን ነው አባ።»

«አይመስለኝም።» ድስቱን ከደኑት። «ለምን ከጸሐይ ቤት አታመጪም? እንደሷ ወተት ያለው በዚህ ሰፈር የታለ? ትወድሽም ነበር እኮ።»

ሙቀጫው ዝም አለ። ሒባ እህቷን አየቻት፤ ረህማ ድስቱን አየች። ወተት ሻጯ እትዬ ጸሐይ የኃይለኢየሱስ እናት ናቸው። «ትወድሽ ነበር» ደግ ቃል ነው፤ ረህማን ግን አንገበገባት።

«እሺ አባ» አለች።

*

መንገዱን እግሯ ያውቀዋል። ኅዳር ነውና ከይርጋጨፌ በኩል የሚመጣው መኪና ሁሉ ቡና ጭኗል፤ ባጃጆቹ በመሃል እየተሽሎከለኩ ይጮኻሉ። ከአስፋልቱ ወርዳ ቀዩን ቁልቁለት ስትይዝ ጫጫታው ከኋላዋ ቀረ። ግራና ቀኙ እንሰት ነው። ድሮ በዚህ መንገድ ባዶ ጆግ እያወዛወዘች ስትወርድ ልቧ ከእግሯ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ዛሬ እግሯ ቀደመ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። አንድ ቀን ስልኳ ላይ አንዲት ሴት አይብ ስትጠብስ አየች፤ አይቡ ሲቆረስ እንደ ማስቲካ ይሳባል። ወተት ልትወስድ ስትሄድ ለኃይለኢየሱስ አሳየችው።

«አይብማ እኛስ አለን አይደል?» አለ እሱ፣ ወንድ ልጅ ሁሉንም ነገር ቀላል በሚያደርግበት ድምፅ።

የነበራቸው አይብ ግን ለክትፎና ለጎመን የሚሆነው ፍርክስክሱ ነበር። በእንቁላል አጣብቀው የጋለ ዘይት ውስጥ ከተቱት። ዘይቱ ፈነዳ፣ አይቡ ተበተነ፣ ሁለቱም እየጮሁ ከወጥ ቤት ሮጠው ወጡ። እትዬ ጸሐይ መጥተው መጥበሻው ላይ ጎንበስ አሉ። አፋቸውን የፈቱት በጌዴኡፋ ነው፤ አማርኛቸው ላይ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው።

«ረህማ» አሉ በጥሞና፣ «አንተ የሠራኸው ይሄ ወጥ ነው ጥብስ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ የአይብ ቀን ሆነ፤ ረህማም ከአባቷ ሱቅ አንድ መጥበሻ አምጥታ እዚያው ተወች። ትኩስ ወተት ላይ ሎሚ መጭመቅን ተማሩ። የረጋውን በስስ ነጠላ ቋጥረው፣ እሱ አንዱን ጫፍ እሷ ሌላውን ይዘው በተቃራኒ ይጠመዝዙታል፤ ውኃው በእጃቸው ላይ ይወርዳል። ከዚያ የወፍጮውን መጅ ጭነውበት ጠንክሮ እስኪቆረጥ ይጠብቃሉ። እንቁላሉንና ፍርፋሪውን አንድ ጊዜ ብቻ ካለበሱት ዘይት ውስጥ እንደሚሰነጠቅ፣ ሁለቴ ካለበሱት ግን እንደሚጠብቅ ያወቁትም ከብዙ ኪሳራ በኋላ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ፍቅራቸውን ያመጣው አይቡ ሳይሆን መጠበቁ ነው። መጁ ሥራውን እስኪጨርስ ሁለት ወጣቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ምን ሊያደርጉ ኖሯል? አወሩ።

አይብ የመረጡትም በዘፈቀደ አልነበረም። ዲላ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በለቅሶም በሠርግም አይለያይም፤ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይበላም። ድግስ ላይ ሁለት በሬ ይታረዳል፣ ሁለት ድንኳን ይጣላል። ሁለቱ ከአንድ ሳህን ሊበሉት የሚችሉት የሚያጠግብ ነገር ፈልገው ያገኙት ይህንን ነው።

በመጨረሻዋ ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው። በዋዜማው ኃይለኢየሱስ ለእናቱ «ረህማን ማግባት እፈልጋለሁ» ብሎ ነግሯቸው ነበር። «ምንም አላለችም፤ አለቀሰች ብቻ» ብሎ ጻፈላት። በማግስቱ ረህማ ጆጓን ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ እትዬ ጸሐይ ትንሿን ልጃቸውን ኤልቤቴልን እየተቆጡ ነበር።

«የረህማ መጥበሻ ከኛ ዕቃ ጋር እንዳይታጠብ አላልኩህም? ለብቻ! ለብቻው ነው!»

ቆማ አየች። መጥበሻዋን በሌላ ውኃ፣ በሌላ ስፖንጅ አጥበው፣ ከሌላው ዕቃ አርቀው ይዘውት ሄዱ።

ረህማ ይህን ታውቀዋለች። እናቷ ከሞቱ በኋላ ቤታቸው ትኖር የነበረችው አክስቷ፣ ኃይለኢየሱስ ወተት ሊያደርስ መጥቶ ውኃ የጠጣበትን ብርጭቆ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ በአመድ ስትፈትገው ብዙ ጊዜ አይታለች። በአክስቷ ፈንታ እያፈረች አንገቷን ደፍታለች። እና በራሷ ቤት የምታውቀውን ነገር በሰው ቤት ስታይ ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጆጓን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። በዚያው ሳምንት አክስቷ ወደ ቡታጅራ ስትመለስ አብራት ሄደች። እሱ ደወለ፣ ጻፈ፣ ደወለ። በመጨረሻ ቁጥሯን ቀየረች።

*

እትዬ ጸሐይ ላሟ ስር ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩ፣ አላመኑም፣ ደግመው አዩ። ባልዲውን አስቀምጠው ሲነሱ ጉልበታቸው እንደ ድሮው አልታዘዛቸውም።

«መጣህ?» አሉ። ወተት የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ከስተሃል! ቡታጅራ ምግብ የለም?»

«ወተት ፈልጌ ነው እትዬ ጸሐይ።» ረህማ ዓይኗን ሰበረች። «እንግዳ አለብን። አይብ ልሠራ።»

«ወተት አለ። ሎሚ አለ። መጁም እዚያው ነው። እዚህ ሥራው፣ ቤት ሄደህ ጥበሰው።»

«አይ፣ ይዤው ልሂድ...»

የሚሰማት አልነበረም። ልጃቸው ኤልቤቴል እሳት አያያዘች። የያኔዋ ትንሽ ልጅ ዛሬ ኮሌጅ ገብታለች፤ ቁመቷም ረህማን አልፏል። ወተቱ ፈላ፣ ሎሚው ተጨመቀ፣ በአንድ አፍታ አይቡ ከውኃው ተለይቶ ተንሳፈፈ። ረህማና ኤልቤቴል ነጠላውን ጠምዝዘው መጁን ጫኑበት። እትዬ ጸሐይ ግን ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱና ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«ዕቃህ» አሉ።

ፈታችው። መጥበሻ ነው። እሳት የነካው አይመስልም።

ረህማ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። «ለብቻው የሚታጠበው መጥበሻ» አለች። «እትዬ ጸሐይ፣ እኔ እርስዎን እንደ እናቴ ነበር የማየው። የነካሁትን ዕቃ ያን ያህል ከተጸየፉት ለምን ቤትዎ አስገቡኝ? ለምን በሳቅ ይቀበሉኝ ነበር?»

እትዬ ጸሐይ አልገባቸውም። ልጃቸውን አዩ። ኤልቤቴል በጌዴኡፋ አስረዳቻቸው። ሲገባቸው በቆሙበት ደረታቸውን ያዙ።

«እኔ? እኔ አንተን ተጸየፍኩህ?»

«አየሁ እኮ! ለብቻ ሲያጥቡት፣ ለብቻ ሲያስቀምጡት በዓይኔ አየሁ።»

«ታዲያ ከኛ ጋር ይቀላቀል?» እትዬ ጸሐይ ጮኹ። «እኛ እዚህ ቤት ሥጋ እንጠብሳለን! የኛ ሥጋ ላንተ አይሆንም። የሥጋው ቅባት ባንተ መጥበሻ ቢነካ፣ አንተ ሳታውቀው ብትበላው፣ እኔ እግዚአብሔርን ምን እለዋለሁ? አባትህንስ ምን እለዋለሁ? እናት የሌለውን ልጅ አምኖ ቤቴ ልኮ!»

ረህማ መጥበሻውን ገልብጣ አየችው።

«አንቺ ከሄድሽ በኋላ» አለች ኤልቤቴል ቀስ ብላ፣ «እኔ ቸኩዬ በመጥበሻሽ ቋንጣ አሞቅኩበት። 'ረህማ እንደሆነች ሄዳለች፤ ምን አለበት?' አልኩ። እማዬ አለቀሰች። እውነቴን ነው፣ እንደ ሰው ሞት ቁጭ ብላ አለቀሰች። በማግስቱ አባትሽ ሱቅ ሄዳ ሌላ ገዛች። ይሄ የያዝሽው ሁለተኛው ነው።»

«ያኛው ረከሰ» አሉ እትዬ ጸሐይ። «ብትመጣ በምን ትጠብሳለህ?»

ረህማ መጥበሻውን አቅፋ ጎንበስ አለች። አራት ዓመት ስትጠላቸው የኖረቻቸው ሴት ለሄደች ልጅ አዲስ መጥበሻ ገዝተው፣ የሷን ሃይማኖት እሷ በሌለችበት ሲጠብቁላት ኖረዋል። እንባው መጣ፤ ከዚያ ልቅሶው መጣ፤ ከዚያ ትንፋሽ አጠራት። እትዬ ጸሐይ መሬት ላይ ከጎኗ ተቀምጠው ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት።

«ልጄ አንተን እንደሚፈልግ ሲነግረኝ ለምን አለቀስኩ መሰለህ? አባትህ እምቢ ይላል፣ አንተም ከዚህ ቤት ትቀራለህ ብዬ ነው። ይኸው ቀረህ።»

ኤልቤቴል ሹልክ ብላ ወጣች። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ በአጥሩ በኩል ወዲያና ወዲህ ስትል ያያት የለም።

*

ሞተሩ ግቢ ሲገባ አይቡ ገና መጁ ስር ነበር። ረህማ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነጠላውን እያየች ነበር። ድምፁን ስትሰማ ሻሿን አስተካከለች።

ኃይለኢየሱስ የሞተሩን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ቆመ። የቡና ማጠቢያው ጭቃ እስከ ጉልበቱ ደርሷል። ትከሻው ሰፍቷል፤ ጺም አብቅሏል። ዓይኑ ግን ያው ነው፤ ሲያያት ሌላ ነገር የማያይ።

«ረህማ።»

«ኃይልዬ» ልትል ነበር። «ኃይለኢየሱስ» አለች። ሙሉ ስሙን ጠርታው አታውቅም ነበር። ሰምቶ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም።

«ኤልቢ ደውላ ነገረችኝ። ከአሪቻ ስነሳ እየሳቅኩ ነበር። መጥበሻ! በመጥበሻ ምክንያት! ዲላ ስደርስ ግን ተናደድኩ።»

«ተናደድብኝ፤ ይገባኛል።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም? አንዲት ጥያቄ እኮ ናት ረህማ!»

«አዎ ብትለኝስ?»

ጭቃውን ከጉልበቱ አራገፈ።

«ጠይቄህ 'አዎ፣ እናቴ ትጸየፍሻለች' ብትለኝስ? ሳልጠይቅ ከሄድኩ ቢያንስ ቅዳሜዎቹ ይቀሩልኛል አልኩ። እነሱን ይዤ ነው የኖርኩት። ቡታጅራ አንድም ቀን አይብ ጠብሼ አላውቅም። ሽታው ከመጣ እንደማልችለው አውቀዋለሁ።»

መጥቶ ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ተቀመጠ። በመሃላቸው ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር። ከነጠላው ውኃው ጠብ ጠብ ይላል።

«እኔ ደግሞ ቤተሰቧን መረጠች አልኩ» አለ ወደ መሬት እያየ። «ሰው አባቱን ቢመርጥ ይወቀሳል? ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሌላ ሴት አላየሁም አልልሽም። ይርጋጨፌ አንዲት አስተማሪ ነበረች፤ ጥሩ ልጅ። ቤቷ ጠራችኝ፣ ዶሮ ሠርታ። ከአንድ ትሪ እየበላን 'ይሄ እንዴት ቀላል ነገር ነው' ብዬ አሰብኩ። ማንም ማንንም አይከለክልም። ለብቻው የሚታጠብ ዕቃ የለም። ከዚያ ከቤቷ ስወጣ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ያን ቀን ነው የተረዳሁት። እኔ ቀላል ነገር አልፈልግም።»

ረህማ እጆቿን ጨበጠች። አራት ዓመት የጠበቀችውን ቃል ሰው በጭቃ ጫማ ተቀምጦ እንዲህ እንደዋዛ ሲናገረው ምን ይባላል?

«ዛሬ ሽማግሌ ይመጣል» አለች።

«ሰምቻለሁ። ምን ልትያቸው ነው?»

«አንተ ሃይማኖትህን አትለውጥም።»

«አንቺም አትለውጪም።»

«ታዲያ ምን ብዬ እምቢ ልበል? ምን ይዤ?»

የሞተሩን ቁልፍ በጣቶቹ መሃል አገላበጠ። እናቱ ከጓዳ ሆነው ጆሯቸውን እንዳቆሙ ሁለቱም ያውቃሉ።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ውሸት አልነግርሽም። እምቢ በይም አልልሽም፤ ያ ሰው ጥሩ ሰው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን ነገር ብቻዬን ብዙ አስቤበታለሁ ረህማ፤ መውጫ አላገኘሁለትም። ግን አንድም ቀን ካንቺ ጋር ሆኜ አላሰብኩበትም።»

ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ማንም ማንንም አልነካም። ረህማ ግን ከማንኛውም እቅፍ በላይ የተጠጋችው መሰላት፤ እንደዚያ ሆና መቆየት አማራት።

*

ሐጂ ነዚፍ ከሶላት ተመልሰው ሳሎን ገብተዋል፤ ሻይ ቀርቦላቸዋል። ወጥ ቤት ውስጥ ሒባ ታነክራለች፣ ረህማ ትጠብሳለች። አይቡ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ሲንሾሸሽ ሒባ ጮኻ ልታጨበጭብ ነበር፤ የእህቷን ፊት አይታ ተወችው።

አቶ አብዱልከሪም መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

«ደርሰዋል። ምን ልበላቸው?»

«አባ...»

«እሳቱን አጥፊና ንገሪኝ።»

አጠፋችው። ዘይቱ ጥቂት ተንሾሸሸና ዝም አለ።

«ዘከርያን አላገባም። ሌላ ሰው እወዳለሁ።»

«ማንን?»

«ኃይለኢየሱስን። የእትዬ ጸሐይን ልጅ።»

የሒባ እጅ ከነእንቁላሉ አየር ላይ ቀረ። አቶ አብዱልከሪም ግድግዳውን ተደገፉ። ለደቂቃ ያህል ሽማግሌ መስለው ታዩዋት፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ አይታቸው አታውቅም።

«ክርስቲያን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሴት ልጃችንን ለነሱ መስጠት በኛ ዘንድ እንደማይሆን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ አባ።»

«እና?»

«እና ዳረኝ አላልኩህም። ልቤ ሌላ ቤት ሆኖ ለዘከርያ ቁርስ እያቀረብኩ መኖር ግን አልችልም። እሱም የሰው ልጅ ነው፤ በደል ነው። ከፈለግክ እድሜዬን ሙሉ እዚሁ እኖራለሁ። ለሌላ ሰው ግን እሺ አልልህም።» ቃሉ ተደናቀፈባት። «ይቅር በለኝ። ፊትህን ላጠቁረው አልፈለግኩም።»

አባቷ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። ረህማና ሒባ መጋረጃው ጋ ተጠጉ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ሲሉ ሰማቻቸው። «ልጄን አልሰጥም።»

የብርጭቆ ድምፅ ቆመ።

«ልጅቷ እምቢ አለች?»

«ልጅቷ ምን አላት? እኔ ነኝ አሁን ሐሳቤን የቀየርኩት። ሀዋሳ ራቀኝ። ልጄን ገና ማግኘቴ ነው።»

«ይህን ያህል ጊዜ አስጠብቀኸን ራቀኝ?» የሐጂ ነዚፍ ድምፅ ከፍ አለ። «ሰው ምን እንደሚልህ ታውቃለህ አብዱልከሪም? ለኛ ለዘመዶችህ ይህን ታደርጋለህ? ከእንግዲህ ዕቃህን የሚጭንልህ ሌላ ሰው ፈልግ!»

«ልክ ነዎት። ቢቆጡም ይገባዎታል።»

በሩ ተዘጋ። የውጭው ብረት በርም ተዘጋ። ረህማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አባቷ በሕይወታቸው ሰው ፊት ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። ሱቃቸው የቆመው በዚህ ስም ነበር። ከሐፍረቷ የበለጠ ፍቅራቸው ከበዳት።

አቶ አብዱልከሪም ተመልሰው መጥተው የወጥ ቤቱ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«ዋሸሁ» አሉ። «በዚህ እድሜዬ፣ ከሶላት መልስ።»

«ለምን አባ? እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ለምን በራስህ ላይ?»

«እምቢ አለች ከተባለ ወሬው የትም ይከተልሻል፤ 'ማን አላት? ከማን ጋር ናት?' ይላሉ። እኔን ግትር ሽማግሌ ነው ብለው ይተዉኛል።» ፊታቸውን በመዳፋቸው አሹት። «እናትሽ ብትኖር እሷ ታውቅበት ነበር። እኔ ከዚህ የተሻለ አላወቅኩም።»

ረህማ ጉልበታቸው ላይ ግንባሯን አስደገፈች። እጃቸው መጥቶ ሻሿ ላይ አረፈ። ሒባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«ደውይለትና ነገ ይምጣ በይው።»

«ማን?»

«ማን ትላለች ደግሞ!» ድምፃቸው ወዲያው ጠነከረ። «እሺ አልኩ እንዳትዪው። አላልኩም። ምናልባትም አልልም። ግን ልጄ ለሱ ብላ ይህን ያህል ከሆነች፣ እምቢም የምለው ዓይኑን አይቼ ነው። ሽማግሌ አይላክ። ራሱ ይምጣ።»

«እሺ አባ።»

«እሺ እንደማልል ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ደውይ።»

ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ተነሳ፤ ስልኩን እጁ ላይ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው።

«ረህማ? ምን አሉ? ምን አልሽ?»

«አላገባም አልኩ። አባም ለኔ ብሎ...» አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። «አባ ነገ እንድትመጣ ይፈልጋል። ሊያናግርህ። እሺ አላለም ኃይልዬ። አልልም ይሆናል ብሏል። ብቻ ና ብሏል።»

በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ተሰማ።

«ረህማ» አለ በመጨረሻ፣ በጣም በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ምን ልልበስ?»

ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ። አባቷ ዱካው ላይ ሆነው ያዩዋታል፤ አልደበቀቻቸውም። ነገ ምን እንደሚሆን አታውቅም። ብዙ ነገር ያስፈራታል። ዛሬ ግን ብቻዋን አይደለም የምትፈራው።